የግድቡ ዓሣም የወንዝ ልጅ ነው

ይህ ጽሑፍ ለዓሣ አስጋሪዎች፣ ለግብርና ባለሙያዎችና ለተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። ከተሰብሳቢው የተነሱትን ጥያቄዎች ግን መጨረሻው ላይ ትቻቸዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ከጣና ዳር የመጣችሁ አላችሁ። ከቆቃ የመጣችሁ አላችሁ። ከተከዜ በኩል ያን ሁሉ መንገድ አቆራርጣችሁ የመጣችሁም አላችሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዓሣ ሲነሳ የሁላችንም ዓይን ሐይቅና ግድብ ላይ ነው። ጀልባው ያለው እዚያ ነው። ነጋዴው የሚመጣው እዚያ ነው። ባለሙያም ለጥናት ሲወጣ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያው ነው። ወንዙ ይረሳል። እኔ ዛሬ ስለ ወንዙ ልናገር ነው የመጣሁት። ከሐይቅና ከግድብ የምታወጡት ዓሣ ብዙው ወይ ወንዝ ውስጥ የተፈለፈለ ነው፣ ወይ ወንዝ ባመጣለት ምግብ ያደገ ነው። ወንዙ ላይ የተሠራ ጥፋት ከጥቂት ዓመታት በኋላ መረባችሁ ላይ ይታያል። ያኔ ግን ምክንያቱን የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። «ዓሣው ጠፋ» ተብሎ ይታለፋል።

በጣና የምናውቃቸውን ሦስቱን እንያቸው። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። አወላለዳቸው ግን ለየቅል ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ አስጋሪም ባለሥልጣንም ዓሣ መጠበቅ አይችልም።

ቆሮሶ ወንዝ አያስፈልገውም። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ መሬቱን እየቆፈረ ክብ ጎድጓዳ ያበጃል። ሴቷ እዚያ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ወዲያው መልሳ ለቅማ አፏ ውስጥ ትይዘዋለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ እናትየው ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል። በቆመ ውኃ መራባት ስለሚችል ነው ግድብ በተሠራ ቁጥር ቆሮሶ ቀድሞ የሚበዛው።

አምባዛ ደግሞ የጎርፍ ዓሣ ነው። ክረምቱ ሲገባ ውኃው ሜዳውን ሲያለብሰው፣ ማታ ማታ ወደተጥለቀለቀው ሣር ይወጣል። እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይጣበቃል። አየር መተንፈስ ስለሚችል ውኃው ቢያንስበትም ጭቃ ላይ እየተሳበ ያልፋል። በፎገራ ሜዳ ላይ ሰው በገጀራና በዱላ የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ሆዱን ቅደዱት፤ እንቁላል ሞልቶታል።

ነጭ ዓሣ ከሁለቱም ይለያል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ ዓሣ በዓለም ላይ ያለን ልዩ ሀብት ነው።

ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዝርያ አይደለም። በጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጥቶ አንዳንዶቹን ለሳይንስ አስመዝግቧል። በ1990ዎቹ ደግሞ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እዚህ ካሉ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ዝርያዎቹን አንድ በአንድ ለዩ። አንዱ አረም ይበላል፣ ሌላው ከወለሉ ትል ይለቅማል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ ይበላሉ። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ የነጭ ዓሣ ወገን በሐይቅ ውስጥ የቀረው በዓለም ላይ ጣና ብቻ ነው። የጠበቀውም ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ መውጣት አለመቻሉ ነው። 40 ሜትር የሚያህል ገደል ማንም ዓሣ አይዘለውም።

ከእነዚህ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ወንዝ ይወጣሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ፣ ግልገል ዓባይ፣ አርኖ ጋርኖ የወሊድ መንገዶቻቸው ናቸው።

ጉማራን እንውሰድ። ከጉና ተራራ ይነሳል፣ ፎገራን አቋርጦ ጣና ይገባል። ሐምሌ ላይ ወንዙ ይሞላል። ዓሣው ከሐይቁ ወደ ወንዙ አፍ መሰብሰብ ይጀምራል። እዚያው አካባቢ ይቆያል፣ ከዚያ ጅረቱን እየታገለ ሽቅብ ይወጣል። ሁሉም ዝርያ በአንድ ቀን አይወጣም። አንዱ ቀድሞ ይሄዳል፣ ሌላው ሳምንታት ቆይቶ ይከተላል። ሁሉም አንድ ገባር ውስጥ አይገቡም፤ ቦታም ይከፋፈላሉ። ዋናው ወንዝ በነሐሴ ጭቃ ነው። እንቁላል እዚያ ቢጣል ደለል ይቀብረዋል። ስለዚህ ዋናው ወንዝ ለዓሣው መተላለፊያ ብቻ ነው። የሚፈልገው ከላይ ያሉትን ትናንሽ ገባሮች ነው። እዚያ ውኃው ስስ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ወለሉን ታያላችሁ። ወለሉ ጠጠር ነው። ሴቷ ጠጠሩ ላይ ትጥላለች፣ እንቁላሉ በድንጋዮቹ መካከል ይገባል። ውኃው እየሮጠ አየር ያቀብለዋል።

ጠጠር፣ ጥሩ ውኃ፣ አየር። አንዱ ከጎደለ ጫጩት የለም። የተፈለፈሉት ጫጩቶች ክረምቱ ሲወጣ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳሉ። ሐይቁ ውስጥ ገብተው ለመውለድ እስኪደርሱ ድረስ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ቆሮሶ ቶሎ ይተካል። ነጭ ዓሣ ግን ቶሎ አይተካም። ይህን አስምሩበት።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንምጣ። እ.ኤ.አ. እስከ 1986 ድረስ ጣና ላይ የነበረው ማስገር በአብዛኛው በታንኳ ነበር። በደንገል ታንኳ፣ ከዳር ብዙም ሳይርቁ፣ በትንሽ መረብ። በ1986 በሆላንዶች ድጋፍና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በኩል የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ መጣ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ብዙ ቤተሰብ እንጀራ በልቶበታል፤ ዛሬ እዚህ ካላችሁት ውስጥም በዚያ ሥራ ያደገ አለ። ችግሩ መረቡ አልነበረም። መረቡ የተዘረጋበት ቦታና ጊዜ ነበር። ዓሣው ተሰብስቦ ሲጠብቅ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ከዘረጋህ በአንድ ሌሊት ጀልባ ይሞላል። ማን ይተወዋል? ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ የነጭ ዓሣው መጠን 75 በመቶ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። የወጣት ዓሣው ቅናሽ ከዚያም የከፋ ነበር። በጣም የተጎዱት ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ናቸው።

ገበሬ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። በወንዙ አፍ ላይ ማስገር ዘርን መብላት ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በቅርብ ላሳያችሁ። [እዚህ ላይ አንድ ቁራጭ መረብ አውጥቼ ለተሰብሳቢው አሳየሁ።] ይህን መረብ ማታ ትዘረጉታላችሁ፣ ጠዋት ታነሱታላችሁ። አንዱን ዓይን በሁለት ጣት ወጥራችሁ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ለኩት። የሚይዘውን ዓሣ የሚወስነው ይኸ ስፋት ነው። ትንሹ ዓሣ ያልፋል። ትልቁ ጭንቅላቱ አይገባም፣ ይመለሳል። መካከለኛው ጭንቅላቱ ይገባል፣ ሆዱ አይገባም። ወደኋላ ልመለስ ሲል ክሩ ስንጥቡ ላይ ይያዝበታል። በቃ። አሁን ደግሞ እንቁላል የያዘችውን ሴት አስቡ። ሆዷ ተነፍቷል። በሌላ ጊዜ አምልጣ ታልፍበት የነበረው ዓይን አሁን ይይዛታል። መረቡ ራሱ እናቶችን መርጦ ይይዛል ማለት ነው። ሰው አስቦበት ሳይሆን ሥራው እንዲህ ስለሆነ ነው።

ከላስቲክ ነጠላ ክር የተሠራው ርካሽ መረብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ውኃ ውስጥ አይታይም። ቶሎ ይቀደዳል። ሲቀደድ ባለቤቱ እዚያው ይጥለዋል። አይበሰብስም። ማንም የማያነሳው መረብ ዓሣ መያዙን ይቀጥላል። የተያዘው ይበሰብሳል፣ እሱን ሊበላ የመጣው ይያዛል። ባለቤት የሌለው፣ ለማንም የማይጠቅም ግድያ ነው። ይህን መረብ የምትጠቀሙ ካላችሁ በግልጽ ልንገራችሁ፤ የምትጎዱት ጎረቤታችሁን ነው።

ብርብራንም ሳላነሳ አላልፍም። የብርብራ ፍሬ ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው መተንፈስ ያቅተዋል፣ ላይ ይንሳፈፋል። ጥንት አባቶቻችን በበጋ በተቋጠረ ኩሬ ላይ ይጠቀሙበት ነበር። ዛሬ ግን መራቢያ ገባሮች ላይ ሳይቀር ይደረጋል። ጠጠር በሞላበት አንድ ገባር ላይ ብርብራ የበተነ ሰው ወላጆቹንም፣ ጫጩቱንም፣ ጫጩቱ የሚበላውን ነፍሳትም አንድ ላይ ይጨርሳል። የሚወስደው አንድ ማዳበሪያ ዓሣ ነው። ትቶት የሚሄደው ባዶ ወንዝ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ነገር ላንሳ። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ይገባል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተወዋለሁ። ገበያው ግን ይታወቃል፤ በጾም ወቅት ምግብ ቤቱ ዓሣ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ነጭ ዓሣ ወንዝ የሚወጣው መቼ ነው አልን? ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ሞቅ የሚለው ነሐሴና መስከረም ላይ። ስለዚህ ገንዘቡ ጥሩ የሚሆንበት ወርና ዓሣው ሊነካ የማይገባበት ወር ገጠሙ። ሕግ ብቻውን ይህን አይፈታውም። አስጋሪው የልጁን የትምህርት ቤት ወጪ የሚያስበው በዚያው ወር ነው። ከመስከረም በፊት ደብተር መገዛት አለበት። ስለ ክልከላ የምናወራ ሰዎች ይህን ሳናይ ብንናገር የሚሰማን አይኖርም፤ ባይሰማንም አይፈረድበትም።

መፍትሔው ሐይቁን በሙሉ መዝጋት አይደለም። በነሐሴ ቆሮሶ አለ። መሃል ሐይቅ ላይ፣ ከወንዝ አፍ ርቆ የሚያሰግር ሰው ነጭ ዓሣውን ሳያጠፋ መኖር ይችላል። የሚዘጋው የወንዞቹ አፍና ገባሮቹ ናቸው። ቦታው ትንሽ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው። ለዚያ ነው ይቻላል የምለው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት አልፏል። ሕግ የለም የምንልበት ጊዜ አልፏል። የጎደለው የወንዙ አፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። ከአስጋሪዎች ማኅበር የተሻለ ጠባቂ ደግሞ የለም። ማታ ማን እንደሚወጣ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አስጋሪውን ብቻ ከወቀስን ግን ግፍ ነው። ለግንባታ ጠጠርና አሸዋ ከወንዝ ይወጣል። በመኪና እየተጫነ የሚሄደው ጠጠር የዓሣው መውለጃ ነው። በበጋ በፓምፕ ውኃ ይሳባል፤ ሽንኩርቱም ሩዙም ውኃ ይፈልጋል። ዘግይተው የሚወርዱት ጫጩቶች ኩሬ ውስጥ ይቀራሉ፣ ኩሬው ይደርቃል። ተራራው ሲራቆት ደለል ይወርዳል፣ የቀረውን ጠጠር ይሸፍነዋል። ለመስኖ ተብሎ ወንዝ ላይ የሚሠራ አጭር ግንብ ለሰው ዓይን ምንም አይደለም። ለዓሣ ግን የመንገዱ መጨረሻ ሊሆን ይችላል።

ወደ ግድቦቹ ልምጣ። ቆቃ አዋሽ ላይ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ለመብራት ነው የተሠራው። ዓሣው በጎን የመጣ በረከት ነው። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ከውጭ የገባው ካርፕም አለ። ዛሬ ቆቃ በደለል እየተሞላ ነው። ከላይ የሚወርደው የፋብሪካና የእርሻ ቆሻሻ ውኃውን አረንጓዴ ያደርገዋል። ያ አረንጓዴ ነገር መርዝ የሚያመነጭ አልጌ ሊሆን ይችላል። የቆቃን ዓሣ ማዳን ቆቃ ላይ አይጀምርም፤ ሞጆና አዋሽ ላይ ነው የሚጀምረው።

ተከዜ የተለየ ታሪክ አለው። 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያልቅ፣ የዋግ ኽምራ ቆላ ሰው በአንድ ጊዜ ደጃፉ ላይ ሐይቅ አገኘ። ፍየል ጠባቂው አስጋሪ ሆነ። ወጣቶች ተደራጅተው ሥራውን ከባዶ ተማሩት። እኔ ይህን በጣም አከብራለሁ። ግን በረዶ በሌለበት በዚያ ሙቀት ዓሣ ግማሽ ቀን አይቆይም። የዓሣ ቋንጣ አዘገጃጀት፣ ጥላና ንጹሕ ማድረቂያ ለተከዜ ከአዲስ ጀልባ በላይ ያስፈልጉታል። ብዙ ከማውጣት የወጣውን አለማበላሸት ይቀድማል።

አሁን ደግሞ ንጋት ሐይቅ አለ። የሕዳሴው ግድብ ከኋላው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። እዚያ የሚያሰግሩ ወጣቶች በሚያገኙት ዓሣ ደስ ብሏቸዋል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ግን የአዲስ ግድብ ዓሣ ጠባይ አለው። ውኃው ሲሞላ ሣሩና ዛፉ ይሰጥማል። ይበሰብሳል፣ ውኃው በምግብ ይበለጽጋል፣ ዓሣው ይፈነዳል። ይህ ጥቂት ዓመታት ይቆያል። ከዚያ ምግቡ ያልቃል፣ ምርቱም ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አይቶ ብዙ ጀልባና ብዙ መረብ በብድር የገዛ ሰው በኋላ ይቸገራል።

ሩቅ ሳንሄድ እዚያው ናይል ላይ ምሳሌ አለን። የግብፁ ናስር ሐይቅ በይፋ የተመዘገበው የዓሣ ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ከ34 ሺህ ቶን በላይ ደረሰ። በኋላ ዝቅ አለ። ሌላም ነገር ሆነ። ጅረት የሚወዱት ዝርያዎች ተመናመኑ። ቆሮሶና ዘመዶቹ ሐይቁን ወረሱት። ታችኛው ዓባይም እንደ ታይገር ፊሽ ያሉ ጅረት የለመዱ ዓሦች አሉት። ወደ ንጋት የሚገቡት ወንዞች ክፍት ሆነው ከቆዩ እነዚህ ዓሦች መውለጃ አያጡም። በለስና ሌሎቹ ገባሮች ከአሁኑ ይጠበቁ የምለው ለዚህ ነው። ጣና ላይ የረፈደብንን ንጋት ላይ በጊዜ መያዝ እንችላለን።

ከጥያቄዎቹ መካከል

አንድ ወጣት ባለሙያ፦ «ግድብ ሲሠራ ለዓሣ መውጫ ደረጃ ለምን አይሠራም? ርብ ላይ ቢሠራስ?»

በአውሮፓና በአሜሪካ ይሠራል። አብዛኞቹ የተነደፉት ግን ለሳልመን ነው፤ ሳልመን ዘላይ ነው። የእኛ ነጭ ዓሣ ያን ያህል አይዘልም። በዚያ ላይ የርብ ግድብ ከ70 ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ ላይ መውጫ መሥራት እጅግ ከባድና ውድ ነው። ለአጭር የመስኖ ግንብ ግን ሌላ ነው። በግንቡ ጎን በቀስታ የሚወርድ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ቦይ ማበጀት ይቻላል። ወጪው ከግንቡ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ቁም ነገሩ በንድፍ ጊዜ መታሰቡ ነው። ግንቡ ካለቀ በኋላ ማንም አይመለስበትም። ስለዚህ አንተ የመስኖ መሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ቀድመህ ተገኝ።

ከጣና ዳር የመጡ አንድ አባት፦ «ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ትልልቁ ዓሣ መረብ ይቀድ ነበር። አሁን የለም። ካሳረፍነው ይመለሳል?»

አባቴ፣ ዝርያዎቹ አልጠፉም። ቁጥራቸው ነው የወረደው። ገባሮቹ ጠጠራቸው እስካለ ድረስ ይመለሳሉ ብዬ አምናለሁ። በአንድ ክረምት ግን አይደለም። ዘንድሮ የተፈለፈለው መረብ የሚቀድ ዓሣ እስኪሆን ዓመታት ይፈልጋል። ለአንድ ክረምት ከልክለን ለውጥ ካላየን ብለን ብንተወው ምንም እንዳልሠራን ይቆጠራል።

ከኋላ በኩል አንድ አስጋሪ፦ «ከታች ያለውን ትልልቅ ዓሣ፣ ናይል ፐርች የሚባለውን፣ አምጥተን ጣና ውስጥ ብንጨምርስ? በአንዴ ሀብታም እንሆን ነበር።»

ወንድሜ፣ ይህን በግልጽ ስለጠየቅህ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው በልቡ ያስበዋል። ናይል ፐርች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ገባ። ትልቅ የውጭ ገበያ መጣ፣ እውነት ነው። ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ የሐይቁ ትናንሽ ዝርያዎች ተበልተው ጠፉ ወይም ሊጠፉ ደረሱ። ጣና ደግሞ ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነጭ ዓሣው የሚሸሸግበት ጥልቅ ውኃ የለውም። ጢስ ዓባይ በሺህ ለሚቆጠር ዘመን የዘጋውን በር አንድ ሰው በአንድ ባልዲ ሊከፍተው ይችላል። ከዚያ በኋላ ማውጣት አይቻልም። ንጋት ሐይቅ ላይ የምትሠሩ ወንድሞች ጓደኛ ለመርዳት ብላችሁም ቢሆን በሕይወት ያለ ዓሣ ከታች ወደ ላይ አታምጡ። የሚያመጣ ካያችሁም የዚያኑ ዕለት ለወረዳው ተናገሩ፤ ሳምንት አትቆዩ።